ለመጽሐፍ ቤቱ ሰው የላክሁት ቅቤ

ሰው ሲሰለቸው ለምን ሰለቸኝ አይልም? ወገቤን ይላል። ብርድ መታኝ ይላል። የኔው ባለቤት ሞላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓይኔ ደከመ ነበር ያለኝ። ዓይኔ ደከመ ያለው ሰው ግን ከደጃችን ቁጭ ብሎ፣ ወንዝ ማዶ ገብሳችን ውስጥ የገባው ጥጃ የማን እንደሆነ ይለይ ነበር። ታዲያ የደከመው ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው ነው አልሁ። ከኔ ጥያቄ የተነሣ።

ምን ጥያቄ ትሉኝ እንደሆነ ልንገራችሁ። ያኔ የምንኖረው ከገሳይ ከተማ ወዲህ ነው፣ ገብስና ብርድ ከማይጠፋበት። ሞላ ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እኔም ተመዝግቤ ነበር፤ ሀሁን ሳልጨርስ የመጀመሪያ ልጄ መጣች፣ በዚያው ቀረሁ። እሱ ግን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ቅዳሜ ገበያ ደብረ ታቦር በወጣ ቁጥር ከላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋሰ ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከደጃችን ካለችው ወይራ ሥር ተቀምጦ ያነብልኛል። እሑድ ነውና እጄ ሥራ የለውም። አፌ ግን በዓል አያከብርም።

አንድ ገጽ ሳያልቅ እጠይቃለሁ። መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሰዎች እኮ ይገርማሉ፤ ይሄዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ምሳ ግን አይበሉም። ይች ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ላሟን ማን አለበላት? እለዋለሁ። ሞላ የደረሰበት መስመር ላይ ጣቱን ያስቀምጥና፣ አልተጻፈም ይለኛል። አልተጻፈም ብሎ ነገር አለ? ላም ሳትታለብ ታድራለች? እሱ ይስቃል። ስቆ ስቆ ይቀጥላል። እኔም እቀጥላለሁ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ መጽሐፉን መልሶ ባዶ እጁን መጣ። በሚቀጥለውም ባዶ እጁን። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዓይኔ ደከመ አለ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን መጽሐፍ ያየ የለም። ዓመታት ሄዱ፣ ሞላም ሄደ፣ እኔም ልጆቼ ካሉበት ደብረ ታቦር ገባሁ። ያ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም። ጠይቄ ጠይቄ አሰለቸሁት ይሆን? በሕይወት ያለውን ሳትጠይቁት ከቀራችሁ፣ የሞተውን የት አግኝታችሁ ትጠይቁታላችሁ?

አሁን ከግቢዬ አንዲቱን ክፍል የተከራየች ልጅ አለች፣ ትዕግሥት ትባላለች። ከደቡብ ናት፤ እዚህ ላይብረሪ ነው የምትሠራው። ባለፈው በየከተማው ያሉ የላይብረሪ ሠራተኞች እዚሁ ደብረ ታቦር ሊሰበሰቡ ሆነ። ጉባኤ ይሉታል። ከአዘጋጆቹ አንዷ እሷ ናት። ዘንድሮ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ይናገር ብላ ሐሳብ አቀረበች። በየዓመቱ እኛው እንናገራለን፣ እኛው እናጨበጭባለን፣ እኛው ምሳ በልተን እንበተናለን፤ በሩን አልፎ የማይገባው ሰው ለምን እንደማይገባ እስቲ ከራሱ አንደበት እንስማ አለቻቸው። ከሚናገሩትም አንዷ እኔ እንድሆን ስሜን ሰጠቻቸው። አለቃዋ ሌላው ሁሉ ይሁን፣ ያልተማረች አሮጊት ግን ስለ መጽሐፍ ምን ትነግረናለች? አለ አሉ።

አልተቀየምሁም። እውነቱን ነው። ግን መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባል የለ? ንጉሥ ከንጉሥ ጋር ብቻ ቢማከር፣ የእንጀራውን ዋጋ ማን ይነግረዋል?

እኔ እሺ ያልሁት ግን ለነሱ አዝኜ አይደለም። ጡረታ የወጡት የድሮ ሠራተኞችም ይጠራሉ ስትለኝ ነው እሺ ያልሁ። ከነሱ መካከል ሞላን የሚያውቅ አይጠፋም። እንዲያው ለምን መጽሐፍ መዋስ እንደተወ፣ አንድ ቃል ብሰማ ብዬ።

ቀኑ ደረሰ። ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ ሄድሁ። ከበሩ ላይ ስሜን በወረቀት ጽፈው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ማንበብ ለማትችል ሴት ስሟን አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ምን ይባላል? ብጠፋ ለመመለስ ይሆናል።

ከኔ በፊት የተናገረው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ላይብረሪ አድርሰኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም በሩ ላይ ምልክት ስለሌለው ገበያው ላይ ነበር የማወርደው አለ። አዳራሹ ሳቀ። የትዕግሥት አለቃ ግን አልሳቀም። ይጽፋል።

ተራዬ ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረጉልኝ። እኔም የማውቀውን ተናገርሁ። የማላውቀውንማ እነሱ ያውቁታል።

በኛ አገር የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም አልኋቸው። ወንፊት የተዋሰች ሴት ጭብጥ ሽምብራ ሳታደርግበት አትመልስም። ማሰሮ ከሆነ ከሠራችው ታቀምሳለች። ባዶውን የመለሰች እንደሆን በሚቀጥለው ማሰሮው ሁሉ ተሰብሯል፣ ወንፊቱም ሁሉ ተቀዷል ይሏታል። ማዋስም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የተባለው ለዚያ ነው። ታዲያ መጽሐፍስ የሰው ዕቃ አይደለም? ሞላ ባዶውን ሊመልስ ሲነሣ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም አልሁት። አንዴ በሶብላ በገጾቹ መካከል አደረግሁ። አንዴ አሪቲ አደረግሁ። በመጨረሻው ጊዜ ላማችን ወልዳ ስለነበር፣ ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ጨርቅ ቋጠርሁለት። ይህን ለመጽሐፍ ቤቱ ሰው ስጥልኝ ብዬ። ሞላም ሲመለስ፣ ሰውየው እጅግ አመሰግናለሁ ብሎሻል አለኝ። ሰው መጽሐፍ የሚመልሰው እንዲህ ነው ብዬ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ አዳራሹን አየሁት።

መቼም እንደዚያ ቀን የተጨበጨበልኝ በሠርጌም የለም። ጭብጨባው ሲበርድ ከፊት ወንበር አንድ ሽበታም ሰውዬ ተነሡ። ጋሼ አዳነ ናቸው፣ የድሮው የላይብረሪ ኃላፊ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ።

«የሞላ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ያ ቅቤ የርስዎ ነው?»

የኔ ነው አልሁ። ያመሰግኑኛል ብዬ እኮ ነው።

ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ ያን መጽሐፍ በትከሻው ተሸክሞ ግማሽ ቀን በፀሐይ ተጓዘ። ቅቤው ከኮባው ወጥቶ መጽሐፉ ውስጥ ገባ። ጋሼ አዳነ ጨርቁን ሲፈቱት የመጽሐፉ ግማሽ እንደ መስተዋት ከፊት ወደ ኋላ ያሳይ ነበር አሉ። እሱ ይቅር። ሽታው መደርደሪያው ላይ ቀርቶ አይጥ ጠራ፤ አይጡም ቅቤውን የጨረሰ ሲመስለው ጎረቤት ያሉትን መጻሕፍት ጀመረ። እሳቸውም ሞላን ሰው ሁሉ እያየ ጮሁበት፣ ሁለተኛ እግርህ እዚህ እንዳይደርስ አሉት። ማነው ይህን ያደረገው? ቢሉት፣ እኔ ነኝ አለ። ዕውቀት ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ከቤትህ ያለ ሰው ይሆናል ቢሉትም፣ እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ።

አዳራሹ እየሳቀ ነበር። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከበር ላይ ቆሞ ለመነኝ። ለኔ አይደለም፣ የምትሰማኝ አለች ነበር የሚለኝ። አላስገባሁትም።»

የምትሰማኝ አለች። እንዲህ ነው ያለው።

ልጆቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ወሰድሁ። አላሰለቸሁትም ነበር። ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደስታው ግን ከወንበሬ እስክቀመጥ እንኳ አልቆየም፣ ንዴት መጣ። አንተ ሰውዬ! የአንድ ቅዳሜ እፍረት እንዳይደርስብኝ ብለህ ያን ሁሉ እሑድ ትነሣኛለህ? ብትነግረኝ ኖሮ እኔው ነበርሁ ደብረ ታቦር ድረስ ወርጄ ከሰውየው እግር የምወድቀው። አጥፍቻለሁ እል ነበር። ተቆጥቶ ተቆጥቶ ይደክመዋል፣ መጽሐፉንም ይሰጥሃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የኔ ባል ሁለቱንም አልነበረም፣ ምስጢር ግን ሲይዝ ከሁለቱም ይብሳል።

ስብሰባው ሲበተን የትዕግሥት አለቃ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ሞከረ። ደብተሩን ሞልቶታል። ምን ጻፍህ? አልሁት። ሰውን ከበር ላይ ስንመልስ ከቤቱ ማን እንደሚጠብቀው እንጠይቅ ብዬ ጻፍሁ አለኝ። ይህስ ለካ ሰው ኖሯል አልሁ በልቤ።

ጋሼ አዳነ ደግሞ ካሣ ልክፈል አሉ። ሞላን የከለከልሁት እኔ ነኝ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየመጣሁ አነብልዎታለሁ አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። በመጀመሪያው እሑድ መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልለው መጡ። ንባባቸው ደግሞ ቅኔ የሚዘርፍ መምህር ነው የሚመስለው። አንዲት ሴት ገና ሲነጋ ቤቷን ጥላ ወጣች ሲሉ፣ ምነው ምን ሆና? አልሁ። ጋሼ አዳነ ጣታቸውን ከአፋቸው ላይ አድርገው እሽሽ! አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ዝም ሲያሰኙ ኖረው፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቁን ለሚወድ ይስጥልኝ። እኔን ዝም ያለ ባል ስንት ታሪክ አሳጥቶኛል።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ዝም ማለት ክልክል ነው» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። መጽሐፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ደግሞ መጽሐፉን አዩት።

«ግን እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይች ሴትዮ ባሏን ሳትጠይቀው የት ነው የምትሄደው?»