ፊታውራሪ ብሎን ለጀልባ መሬት ሲሰጡ

እግዜር አገር ሲፈጥር መጀመሪያ ወንዙን፣ ቀጥሎ ገበያውን፣ ከዚያ ደግሞ «ይቺማ ቀላል ናት!» የሚል አንድ ሰው አብሮ ይፈጥራል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ ይህ ሰው የሌለበት መንደር አታገኙም። የተበላሸ ነገር ከሩቅ ይሸተዋል። ያልተበላሸም ይሸተዋል። ሳትጠሩት ይመጣል፣ ሳትሰጡት ይፈታል፣ ሲመሽ ደግሞ «ዛሬ ይደር፣ ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ እቃችሁን እንደተዘረገፈ ትቶት ይሄዳል።

የቡሬው አቶ ላቀው ይባላሉ። እሱ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነው። አገሩ ያወጣላቸው ግን «ፊታውራሪ ብሎን» ነው። ሹመቱን ያገኙት በሥራቸው ነው፤ ፈትተው ከገጠሙት ነገር ሁሉ አንድ ብሎን ይተርፋቸዋል። መትረፉ አያሳፍራቸውም። በሁለት ጣታቸው አንሥተው ለተሰበሰበው ሰው ያሳያሉ፤

«አያችሁ? ፈረንጅ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ይጨምራል። ሞኝ ነው።»

ከዚያ ኮት ኪሳቸው ይከቷታል። የስንት ዘመን ብሎን እዚያ ተጠራቅሟል መሰላችሁ! ሲራመዱ እንደ ጸናጽል ይንሿሿሉ። የሚፈታ ነገር ያለው ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ እቃውን ይደብቃል።

አለቃ ክንፈሚካኤል ግን አልደበቁም። ሰዓታቸው ቆማባቸው ሰጧቸው። መሄድስ ሄደች። ግን ጋለበች! ቅዳሴው ገና ሳይገባ እሷ ሕዝቡን አሰናብታ ቤቷ ትገባለች። አለቃም አየት አደረጓትና «ልጄ፣ ሰዓት ሰጥቼህ ፈረስ መለስክልኝ» አሏቸው። ፊታውራሪ ብሎን ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «ይቺማ ቀላል ናት! እርስዎ ቀስ ብለው ነው የሚያዩዋት።»

የወፍጮ ቤቱን ሞተርም ነኩት። ተነሣ፤ እልልም ተባለ። ዱቄቱ ግን ወደ ጆንያው መውረዱን ትቶ ወደ ሰው ወጣ። ያን ቀን ልታስፈጭ የሄደች ሴት ሁሉ ፈረንጅ መስላ ቤቷ ገባች።

የወይዘሮ አልጣሽን ጠጅ ቤት ሬዲዮ ግን፣ እውነቱ ይነገር፣ አዳኗት። ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቆፈሩ፣ የመዳብ ሰሃን ቀበሩ፣ ከሰሃኑ ሽቦ ስበው ከሬዲዮዋ ጀርባ አሰሩ፣ ጉድጓዱ ላይ የጨው ውሃ አፈሰሱ። ስታንኮራፋ የኖረች ሬዲዮ ጉሮሮዋ ተከፈተ።

«ሬዲዮ ማለት ዛፍ ነው» አሉ ያን ቀን፣ ብርሌያቸውን ይዘው። «አንቴናው ቅርንጫፉ ነው። ዛፍ በቅርንጫፍ ብቻ ይቆማል? ሥር ይፈልጋል። ኮርያ እያለን እንዲህ ነበር የምናደርገው።»

አብረዋቸው የዘመቱ ሰዎች «ላቀውን ኮርያ የምናውቀው ድንች ሲልጥ ነው» ይላሉ። ይሁና! ሰው ድንች እየላጠም ወሬ ይሰማል።

ይህን ሁሉ ችሎ የኖረው፣ ችሎም የደከመው፣ ቢሆነኝ ነው። ቢሆነኝ ከቡሬ ቁልቁል፣ ወደ ወለጋ ማሻገሪያው ላይ፣ የመንግሥት ጀልባ ነጂ ነው። ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ ኋላዋ ላይ ሞተር አላት። ሥራዋ ጠዋት ጠዋት የዓባይን ከፍታ መለካት ነው። ልኩን ደግሞ ቢሆነኝ እዚያው ጀልባዋ ላይ በተተከለች የሩቅ መገናኛ ሬዲዮ ለአዲስ አበባ ይናገራል። በተረፈው ጊዜ ሰው ታሻግራለች። ከሷ በፊት ሰው የሚሻገረው የተነፋ ስልቻ ታቅፎ ነበር። ያቻምና የቢሆነኝን ሚስት ወንድም ውሃ የወሰደው እንዲያ ሲሻገር ነው። ሬሳውም አልተገኘ። ቢሆነኝ ታዲያ ጀልባዋን «እመይቴ» ነው የሚላት።

ግንቦት ማለቂያው ላይ ሬዲዮዋ ታመመች። እሱ አዲስ አበባን ይሰማል፤ አዲስ አበባ እሱን አይሰማም።

«ዓባይ፣ ዓባይ፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ!»

«ዓባይ፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ እኮ አልኩ!»

«የለም፣ ሞቷል መሰል» ይላል የአዲስ አበባው ሰውዬ፣ ላጠገቡ ሰው።

ቁሞ እየጮኸ እንደሌለ መቆጠር እንዴት እንደሚያደክም ያልቀመሰው አያውቀውም። በኋላ ቁርጡ መጣ። «ዓባይ፣ ብትሰማም ባትሰማም፤ እስከ ቅዳሜ ጥሪ ድረስ ድምፅህ ካልመጣ ጀልባዋን አስነሥተን ሌላ ወንዝ እንወስዳታለን።» ሰኔ ደግሞ በር ላይ ቁሟል። ጀልባዋ ከሄደች ሰው ወደ ስልቻው ይመለሳል። ባለሙያ ተልኮ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ደርሶ «በረሃው ወባ አለበት» ሲሉት ከዚያው ተመለሰ አሉ። ምን ይፈረድበታል? የደጋ ሰው ያን በረሃ በሩቁ ነው የሚያማትብበት።

ዓርብ ጠዋት ከወደ ዳገቱ ጸናጽል ተሰማ።

«ኧረ በእመብርሃን!» አለ ቢሆነኝ፤ ሸራው ሥር ገብቶ የተኛ መሰለ።

«ተነሣ አንተ! በሽተኛ አስቀምጦ አስታማሚ ይተኛል?»

«እንዴት አደሩ፣ አያ ላቀው» አለ ከሸራው ሥር፣ ሳይነሣ።

«እግዜር ይመስገን። ይቺማ ቀላል ናት!»

«ገና አላዩዋትም እኮ።»

«ማየት ምን ያደርጋል? የአልጣሽ ሬዲዮ መሬት ላይ ናት፣ ታወራለች። ያንተዋ ውሃ ላይ ናት፣ ዲዳ ሆነች። መሬት ነው ያጣችው። አመጣሁላት።»

ከበቅሏቸው ላይ አንድ የላምባ ሳጥን አወረዱ። አፉ ድረስ አፈር ነው። ያን ገደል ሁሉ አፈር ጭነው ወርደዋል!

«አያ ላቀው፣ አፈርማ እዚህስ መች ጠፋ?»

«ይሄ አሸዋ ነው። አሸዋ ወሬ አይይዝም። ያመጣሁልህ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ ያበቀለ።»

ፊታውራሪ ብሎን ሳጥኑን ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፣ የመዳብ ሰሃን ቀበሩበት፣ ከሰሃኑ ረጅም ሽቦ ስበው ከሬዲዮዋ ጀርባ አጥብቀው አሰሩ፣ ጨው በጥብጠው አፈሰሱ። ሬዲዮዋንም ከፍተው እፍ አሉባትና ዘጉ። አንድ ብሎን ተረፈ።

ተጣሩ። ምንም የለም። ጨው ጨመሩ። ምንም። የደረቅ ጨው ጉራጅ ከላይ ጣል አደረጉ።

«አያ ላቀው፣ ወጥ አደረጓት እኮ።»

«ዝም በል፣ እየጠጣች ነው» አሉት። እዚያው በረሃው ውስጥ፣ ከሳጥናቸው አጠገብ አደሩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ዓባይነሽ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና አንድ ሙክት ፍየል እየጎተቱ መጡ። ልጃቸው ማዶ ነው ያገባችው። ጀልባዋ ውስጥ ሲገቡ ሳጥኑን አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጀልባዋ መሬት ነው» አለ ቢሆነኝ፣ በድካም።

«አየ ጉድ! እኛ በርስት ሙግት ዳኛ ደጅ ስንቆም እናረጃለን፤ ለጀልባ ቁጭ ባለችበት መሬት ይሰጧታል!»

ፊታውራሪ ብሎንም ከሳጥናቸው አጠገብ ተሳፈሩ። መሐል ወንዝ ላይ ሲደርሱ የጥሪው ሰዓት ሆነ። ቢሆነኝ ሞተሩን አበረደና መናገሪያውን ጨብጦ ተጫነው። «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ፣ ዓባይ ነኝ» አለ። ይቺ የመጨረሻዋ ጥሪ ናት። ይሄኔ ፍየሉ ጨው ሸተተው። ሁለት የፊት እግሩን ሳጥኑ ላይ ሰቀለና ይልስ ጀመር። ሳጥኑ ተንገዳገደ።

«ፍየሉን ያዙት!» ጮኸ ቢሆነኝ፣ መናገሪያውን እንደተጫነ።

«ጨው ያስቀመጠ ይያዘው!» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ።

ሳጥኑ ጯ! ብሎ ውሃ ገባ። ሽቦው ተወጠረ፤ አልተበጠሰም። ቢሆነኝም መናገሪያውን ለቀቀ። ከሬዲዮዋ ውስጥ፣ አጠገባቸው እንደተቀመጠ ሰው ጥርት ያለ ድምፅ መጣ፤

«ዓባይ? ዓባይ? የምን ፍየል ነው?»

ቢሆነኝ መናገሪያውን ደጋግሞ እየተጫነ ይጣራ ጀመር። ይኸን ሰሞን ሁሉ «እሰማለሁ» ብሎ ጮኾ ያልተሰማ ሰው፣ በፍየል ተሰማ! ፊታውራሪ ብሎን ግን ይህን አልሰሙም። ጠርዙ ላይ ተደፍተው «አፈሬ! አፈሬ ራሰ!» እያሉ ሽቦውን ይጎትታሉ። በሚጎትቱ ጊዜ የአዲስ አበባው ድምፅ «ዓባይ፣ ጠፋህ! ዓባይ፣ ጠፋህ!» ይላል።

«አያ ላቀው፣ ልቀቁት!»

ለቀቁት። «አሁን መጣህ» አለ ሰውዬው።

ጎተቱ። «ጠፋህ።» ለቀቁ። «መጣህ።»

ፊታውራሪ ብሎን እጃቸው ሽቦው ላይ እንዳለ ቀረ። ሳጥኑ ባዶውን ተንሳፎ ሲሄድ፣ ጥቁሩም አፈር ቀይ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አዩ። ከሽቦው ጫፍ የቀረችው ሰሃኗ ብቻ ናት፣ ውሃው ውስጥ።

«ሰሃኗን ብቻ መንከር ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ውሃውም ሥር ይሆናል ማለት ነው። ኮርያ... አይ፣ ኮርያ ይሄን አላየሁም።»

ቢሆነኝ እኒህን ሰውዬ ካወቃቸው ወዲህ «አላየሁም» ሲሉ መስማቱ የመጀመሪያው ነው። የወንዙን ልክ ለአዲስ አበባ ነገረ። ጀልባዋ ባለችበት እንድትቆይ ተባለ። «ማን ነው ያደሳት?» ብሎ ጠየቀ ሰውዬው።

ቢሆነኝ ዞር ብሎ አያቸው። ሙክቱ የኮታቸውን ጨርቅ እየላሰ ነው። «አቶ ላቀው ይባላሉ፣ የቡሬ ሰው» አለ።

«አቶ ላቀውን አመሰግናለሁ በልልኝ።»

ፊታውራሪ ብሎን ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሬዲዮዋ እጅ ነሡ።

ከዚያ በኋላ ጸናጽሉ ጠፋ። ቢሆነኝ መጀመሪያ «እፎይ» አለ። ሰነባብቶ ግን ጆሮውን ወደ ዳገቱ ይሰጥ ጀመር። ወይዘሮ ዓባይነሽ ናቸው የነገሩት፤ ያን በረሃ ያደሩ ጊዜ ወባ ይዟቸው ከአልጋ ወድቀው ነበር። አሁን ተነሥተው ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ግን ደካማ ናቸው ብሎ ማንም እቃ አይሰጣቸውም። ከተማውም አርፏል፤ ሰዓቱም በልኩ ይሄዳል።

ቢሆነኝ ለገበያ ቀን ያን ገደል ወጣ። ፊታውራሪ ብሎን ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሥራ ፈትቷል።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አያ ላቀው?»

«አለሁ።»

ቢሆነኝ ያን «አለሁ» አልቻለውም። ከኪሱ የእጅ ባትሪውን አወጣ።

«ይቺ ባትሪ እንቢ አለችኝ። ባይደክምዎ አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ።»

ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ። ባትሪዋን ነጥቀው ቂጧን ያዞሩ ጀመር። «ማን ነክቷት ነው? አንተ ነህ! እናንተ እኮ እቃ አያያዝ አታውቁም! ና፣ ጠጋ በል፣ ልጅ አይደለህ፣ እይና ተማር!»

ባትሪዋ እውነቱን ለመናገር ያን ጠዋት እንደ ኮከብ ትበራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርታ አታውቅም። ቢሆነኝ ሌላ አልገዛም።