ከእትዬ ብርቄ ራስጌ የተነሳው ሬዲዮ

የማይታይ ነገር ለመክሰስ ይመቻል። መልስ አይሰጥም፣ ይግባኝም አይልም። «ይሄ ሞገድ የሚሉት ነገር ውሎ አድሮ በሽታ ያመጣል አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ የሚጨቀጭቀኝ አንድ ወዳጅ አለኝ። የሚጨቀጭቀኝ ደግሞ በዚያው በስልኩ ነው። እኔ ምን አውቄ፤ የሚያጠኑት ይመልሱለት። እኔ የማውቀው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኮልፌ ውስጥ ያየሁትን ብቻ ነው።

ያኔ አቶ ወልዴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አቶ ወልዴ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው በቅቤና በማር ንግድ ቤት ንብረት ያፈሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ልጅ አልወጣላቸውም፤ ቀኑን የሚገፉት በሬዲዮ ነው። ራስጌያቸው አስቀምጠው፣ ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል «አብሮ ይስጥልን» እያሉ ይመልሱለታል። ትስቁ ይሆናል። እስቲ ባዶ ቤት ውላችሁ እዩት።

አንድ በጋ ራስ ምታት ጀመራቸው። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳቸዋል፣ አንድ ዓይናቸውንም ያጭበረብራቸዋል። የእኛን አገር ጥየቃ ታውቁታላችሁ፤ ብርቱካን የያዘም ባዶ እጁን የመጣም የበሽታውን ስም ሳይናገር አይወጣም። አንዷ ምች ነው አለች፣ ሌላዋ ዓይነ ጥላ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ቸርነት መጡ። በውትድርና ዘመናቸው የመገናኛ ሬዲዮ በጀርባቸው ተሸክመው የኖሩ ናቸውና ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማቸው።

«ግድግዳ አልፎ የሚገባ ነገር የሰው ጭንቅላት ያቅተዋል?» አሉ ራስጌውን እያዩ። «የእኔንም ጆሮ እንዲህ የሚያስጮኸው እሱ ነው።»

ተፈረደ። አቶ ወልዴ ሬዲዮውን በጆንያ ጠቅልለው ሱቃቸው ወሰዱት። የሚገርመው በዚያው ሰሞን ሕመሙ ጋብ አለ። ሰፈሩ ተደሰተ፣ ሐኪም ቤት የመሄዱም ነገር በዚያው ተረሳ። ከእኛ ግቢ እስከ አስኮ መንገድ ድረስ ሬዲዮውን ከራስጌው ያላራቀ ሰው ከነበረ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

ክረምቱ ሲወጣ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። አሁን ሐኪም ቤት ተሄደ። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ ሳይኖር እንደማይቀር ተናገረ። ከምን እንደመጣ ሲጠየቅ አላውቅም አለ። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ግን አንድ ነገር ይሞከር እንደነበር ነገራቸው።

ልጠይቃቸው የገባሁ ዕለት ዓይናቸው ጨርሶ ማየት ትቶ ነበር። ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው ድምፅ መለሱ።

«እባክዎ ሬዲዮዬን ያምጡልኝ። ሰው ሲያወራ ልስማ።»

«ሲሻልሽ አመጣልሻለሁ። አሁን ይጎዳሻል» አሉ አቶ ወልዴ፣ እጃቸውን እንደያዙ።

አቶ ወልዴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሚስታቸውን ከሞት እየጠበቁ ነበር። እትዬ ብርቄ በዚያው ሳምንት፣ ዝም ባለ ቤት ውስጥ አረፉ።

የቤት ሬዲዮ ሞገዱን ተቀባይ እንጂ ላኪ እንዳልሆነ የገባኝ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ሬዲዮው ራስጌ ተቀመጠም፣ ሱቅ ውስጥ በጆንያ ታሰረም፣ ሞገዱ ያንን ቤትና ያንን አልጋ ሲያቋርጥ ነው የከረመው። ይጉዳ አይጉዳ እኔ አልፈርድም። እትዬ ብርቄ ግን ከሞገዱ አንዲት አልጎደለባቸውም። የቀረባቸው መስማቱ ነው።