ንጹሕ ወተት ያመጣብኝ ጣጣ

ወዳጄ፣ ወተት ሻጭ ድንገት ሐቀኛ ሲሆንብህ ጠርጥር። ካዛንቺስ ሱቄ ውስጥ ስንቱን መሐላ ሰምቻለሁ፤ እንደ ወተት አምጪዬ እንደ ደበላ የሚምል ግን አላየሁም። "ጠብታ ውሃ ነክቶት ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ!" ይለኛል በየማለዳው። ልጅ እንደሌለው የሰማሁት ቆይቼ ነው።

መንግሥት "ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ወተት የሚሸጥ ሱቁ ይታሸጋል" ብሎ ተቆጣጣሪ ያሰማራ ሰሞን፣ ደበላ ወፈር ያለ ወተት ይዞልኝ መጣ። ደስ ብሎኝ ሸጥኩ። ረፋዱ ላይ የዘወትር ደንበኛዬ እትዬ አስካለ ድስታቸውን ታቅፈው፣ ተቆጣጣሪውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

"ይኸው! ባፈላው ቢጫ ነገር ተንሳፈፈበት! ምን መርዝ ጨምሮበት ነው?"

እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ሱቄ መታሸጉ አይደል? ሰውዬው ከማሰሮዬ የቀረውን ወተት በመለኪያው ለካ፣ ድስቱንም አሸተተ፣ ፈገግ አለ።

"እናቴ፣ ይሄማ ስልባቦት ነው። ወተቱ ንጹሕ ነው።"

እፎይ አልኩ። እትዬ አስካለ ግን ድስቱን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ስታጠጣን የኖርከው ምንድን ነው?"

ተቆጣጣሪው መለኪያውን እየጠራረገ ወደ እኔ ዞረ።

"መልስላቸው እንጂ!"