በግ የማያርድ ጀግና ምን ያደርጋል?

ሰው ለደስታው ቀን አጃቢ ሲመርጥ አይሳሳትም። ሚዜው መልከ መልካም፣ ሱፉ ልክክ ያለ፣ እስክስታውም የሚያስቀና ይሆናል። ለክፉ ቀንህ ማንን ትጠራለህ በሉትማ! ይንተባተባል። አንዱ እናቱን ይጠራል፣ አንዱ የስልኩ ባትሪ አልቋል። እኔ ደግሞ፣ ዕድሜ ለንባብ፣ ከመጽሐፍ ውስጥ ሰው መጥራት ጀምሬ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ቡታጅራ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ወሬውም አልቆብን ሳለ የስፖርት መምህራችን ጥያቄ ጣለ። ድንገተኛ ችግር ቢገጥማችሁ ከልብ ወለድ ጀግኖች ማን አጠገባችሁ እንዲሆን ትመርጣላችሁ? እሱ ወዲያው መረጠ፤ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘለውን፣ ጥይት ራሱ አይቶት መንገድ የሚለቅለትን የፊልም ጎረምሳ። የሂሳብ መምህርቷ የተረቷን ጦጣ መረጠች፤ ጦጣ ከየትኛውም ጣጣ ትወጣለች፣ ዋናው መውጣቱ ነው ብላ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝና ክብሬን የሚመጥን መርማሪ መረጥኩ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ርዕሱን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ መጽሐፍ አለኝ። እዚያ ውስጥ ያለው መርማሪ ተጀምሮ የተተወ የሻይ ብርጭቆ አይቶ ማን እንደጠጣው፣ ለምን እንዳልጨረሰው፣ ከሚስቱም ጋር እንዴት እንዳደረ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ካለ ማን ይደፍረኛል አልኩ። ደግሞ በኩራት!

አፌን ሳልዘጋ ድንገተኛው መጣ።

በመጀመሪያ ስለ ሸረፋ ልንገራችሁ። ሸረፋ ጎረቤቴ ነው። የሚለየን አጥር ብቻ ነው፤ አጥሩም ቢሆን ከቆርቆሮው ቀዳዳው ይበዛል። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም፤ በእኛ አገር ይህ ማለት የሁለት ሃይማኖት በዓል በአንድ ሆድ ማክበር ማለት ነው። ሙስሊም እንግዳ ቤቴ ሲመጣ በጉን የሚያርድልኝ ሸረፋ ነበር። ሳልጠራው ይመጣል፣ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ጉበቱን ለሚስቴ ለአስካለ አስረክቦ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። ታዲያ ምን አጣላችሁ አትሉኝም? አቮካዶ!

የእኔ ግቢ የአቮካዶ ዛፍ አንድ ቅርንጫፉን አጥር አሻግሮ ሸረፋ አዲስ ካለበሰው ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ዘረጋው። ፍሬው ሲበስል ገና ጎህ ሳይቀድ ‹‹ዷ!›› ይላል። ሸረፋ ደጋግሞ ነገረኝ፤ እኔም ነገ ነገ አልኩ። ለሥልጠና ወልቂጤ ሰንብቼ ስመለስ ቅርንጫፉ የለም። እኔ እጁ መቁረጥ ያምረዋል አልኩ፤ እሱ ከጎረቤቱ አቮካዶውን ይወዳል አለ። መንደሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ? ናፈቀኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ሆዴ ይባባል፤ አፌ ግን ድንጋይ ነው።

ሽማግሌዎች ገቡበት። አለቃቸው ሐጂ ነስሩ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው በከዘራ የሚሄዱ አባት ናቸው። ከዚያ ቀደም ሊያስታርቁን ሲቀጥሩን እነሱ እስኪደርሱ እኔና ሸረፋ በገዛ አፋችን ነገሩን አበላሸነው። በመጨረሻ ሐጂ ቁርጡን ተናገሩ። እሁድ መምህሩ ቤት እንቀመጣለን፣ ዛፉንም እናየዋለን። እስክንመጣ አንድ ቃል እንዳትነጋገሩ፤ ሸረፋም ቤቱ ሆኖ ይጠብቀን። ዛሬም ካበላሻችሁት እኛን ዳግመኛ አትጥሩን፣ በአጥራችሁ ተፋጥጣችሁ አርጁ አሉ።

እሁድ ደረሰ። በጉ ታስሯል፣ ቆጮው ተጋግሯል፣ ጎመኑ በቅቤ አብዷል። ለአስታራቂ ሽማግሌ ከሥጋ ቤት በፌስታል ተንጠልጥሎ የመጣ አይቀርብም፤ በጉ እዚያው ግቢ መታረድ አለበት። ይህን ሁሉ ዐውቃለሁ፣ ሁሉንም አሰናድቻለሁ። አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ‹‹ለመሆኑ የሚያርደው ማነው?›› አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔ ባርድ አይበሉም። አራጁ ሁልጊዜ ሸረፋ ስለሆነ ስለ አራጅ አስቤ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ከሸረፋ ጋር የሚያስታርቁኝን ሽማግሌዎች ለማብላት ሸረፋ ያስፈልገኛል!

ቡታጅራ ውስጥ ሙስሊም ጠፋ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ጠፋ! የሠፈራችን ወንድ በሙሉ ሙሽራ አጅቦ ወልቂጤ ሄዷል። ሱቁ ዝግ፣ ወፍጮ ቤቱ ዝግ። ሐጂን ራሳቸውን እንዳልጠይቅ፣ እንግዳን በር ላይ ተቀብሎ ቢላ ማስጨበጥ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ጾማቸውን ከሄዱ እርቁም አብሯቸው ሊሄድ ነው፤ ሸረፋም ከአጥሩ ማዶ ሊቀር ነው።

ያኔ ጀግኖቹን አሰለፍኳቸው። የፊልሙ ጎረምሳ አሥር ሰው በጡጫ ይዘርራል፤ በጡጫ የተዘረረ በግ ግን ሐጂ አይበሉም። ጦጣዋ እንኳን ልታርድልኝ፣ በጉን መክራ ታስመልጠዋለች። የእኔ መርማሪስ? መርማሪ የሚመጣው ምንጊዜም ከታረደ በኋላ ነው! ማን እንዳረደ ይነግረኛል እንጂ አያርድልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። አስፋልት ዳር ወጥቼ እንደ መርማሪዬ ምልክት መፈለግ ያዝኩ። አንድ ባጃጅ መጣ፤ መስታወቱ ላይ ‹‹ማሻአላህ›› ተጽፏል፣ ሾፌሩ ነጭ ኮፍያ አድርጓል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አስቆምኩትና አሰላሙ አለይኩም ብዬ በግ እንዲያርድልኝ ለመንኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ስሙ ገብረ ማርያም ነው። ጽሑፉ የባጃጁ ባለቤት የጻፈው ነው፣ ኮፍያው ደግሞ የፀሐይ። ‹‹ፋዘር፣ እኔም በግ የሚያርድልኝ ባገኝ አልጠላም›› ብሎኝ ሄደ። ማንን ነው ፋዘር የሚለው?

ስመለስ አስካለ ‹‹ሸረፋን ጥራው›› አለች። ሐጂ እንዳትነጋገሩ ብለዋል አልኳት። ‹‹ጥራው አልኩህ እንጂ መች አነጋግረው አልኩህ?›› አለች። እዚህ ቤት ሕግ የምታወጣው እሷ መሆን ነበረባት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ በጉን በአንድ ክንዴ አቅፌ በአጥሩ አናት ብቅ አደረግኩት። በሌላው እጄ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲገባው ብዬ፣ ቢላዬን እወዘውዛለሁ። ሸረፋ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ያዳምጣል። በግ ለካ እንዲህ ይከብዳል! ልክ ሸረፋ ቀና ሲል በጉ ከክንዴ ሙልጭ ብሎ ወደቀ። አጥሩ ላይ የቀረነው እኔና ቢላዬ ብቻ ነን።

ሸረፋ አየኝ። ቆይቶ ቆይቶ አየኝ። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጋ፣ ቤት ገባ፣ ከእኔ ቢላ እጥፍ የሚሆን ቢላ ይዞ ወጣ።

ያ የመረጥኩት መርማሪ ሬሳዬ አጠገብ ቆሞ ከሚስቴ ጋር እንዴት እንዳደርኩ ለሰው ሲያወራ ታየኝ። ሸረፋ በግቢዬ በር ገባ። ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልተነፈስኩም፤ ትእዛዝ ነዋ! ቢላዬን ማስቀመጥ ግን ረሳሁት። እንዲህ ሁለታችን ቢላ ቢላችንን ይዘን ተፋጥጠን እንደቆምን ሐጂ ነስሩና ሽማግሌዎቹ ከች አሉ።

‹‹ያ ረቢ!›› ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ከዘራው መሬት ላይ ሲወድቅ። እኚያ ደረጃ ለመውጣት ሰው የሚደግፋቸው ሰውዬ፣ አቅሙን ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቅ፣ የግቢዬን የጎርፍ ቦይ ዘለው መሐላችን ገቡ። አንድ መዳፋቸውን በሸረፋ ደረት፣ ሌላውን በእኔ ደረት ላይ ለጠፉት። ‹‹መጀመሪያ እኔን እረዱኝ፣ ከዚያ ተራረዱ!›› አሉ። እሳቸው ጥይት የሚፈራቸው ዓይነት ሰው አይደሉም፤ ቢወጉ ይሞታሉ፤ ይህንንም እያወቁ ነው የገቡት። እንባዬ መጣ።

በጉ ከዛፉ ሥር ‹‹ባዕ›› አለ። ሸረፋ በቢላው ጫፍ አሳያቸው። ከዚያ ትእዛዙን እንዳከበረ፣ እኔን አንድ ቃል ሳያናግር፣ በጉን ያዘና ‹‹ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር›› አለ። ኋላ ስጠይቀው ከመጀመሪያውም በጉ እንደሆነ ገብቶት ነበር። ቢላ አያያዝህን አይቼ ነው፣ በዚህ አያያዝ ሰው የሚገድል የለም አለኝ።

ሐጂ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ይኸው ታርቃችኋል፣ እኛ ምን ልንሠራ መጣን ቢሉ ሸረፋ ኮስተር አለ። በጉን ያረድኩት ለእናንተ ነው፣ የአቮካዶው ነገር ገና ነው አለ። ተቀመጥን። ተናገርን፣ ተወቃቀስን፣ በመጨረሻ ተቃቀፍን፤ ሁለታችንም አለቀስን። ፍርዱ አጭር ነበር። እኔ ቅርንጫፉን በጊዜ ባለመቁረጤ ዛሬ አብልቻለሁ። ሸረፋ ሳያስፈቅድ በመቁረጡ በሚመጣው እሁድ በግ ጥሎ የእኔን ዘመዶችና የነፍስ አባቴን ያብላ ተባለ።

ሸረፋ እሺ አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታው ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ‹‹ክርስቲያን እንግዳ ሲኖረኝ የሚያርዱልኝ አባትህ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እንግዲህ ያለኸኝ አንተ ነህ፣ መምህር›› አለኝ። ሽማግሌው ሁሉ አሚን አለ። ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞረው እኔ፣ ሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሐጂ ሲወጡ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። ፊቴ መገርጣቱን አይተው ትከሻዬን ያዙኝ። ‹‹አይዞህ ልጄ፣ እሁድ እመጣለሁ፤ አጠገብህ ነው የምቆመው›› አሉኝ። እኚህ ትልቅ ሰው፣ በዚህ ጉልበታቸው፣ ለእኔ ብለው! እጃቸውን ስሜ ስለ እኔ መጨነቃቸውን አመሰገንኩ።

‹‹ለአንተ አይደለም›› አሉ፤ ‹‹ለበጉ ነው።››