ሲወፍር ውሃ፣ ሲቀጥን ሰሊጥ

እኛ የዘመኑ ሰዎች ምግብ ማብሰል ማለት ክዳን መክፈት መስሎናል። እናቶቻችን ሰሊጡን ለቅመው፣ አምሰው፣ ወቅጠውና አጥልለው ያደረሱትን የጾም ፍትፍት፣ እኛ ከሱፐርማርኬት በጠርሙስ ገዝተን ውሃ ጠብ አድርገንበት ልንበላ ያምረናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለማን ይመስልዎታል?

የእጮኛዬ የለሊሴ አባት፣ የመቂ ሽንኩርት ደላላ ናቸው፤ ስለ ሰርጋችን ሊነጋገሩ ረቡዕ ለምሳ አዳማ፣ እኔ ቤት ይመጣሉ ተባለ። እሳቸው ድንኳን የሚተከልበት ሰርግ ነው የሚፈልጉት። እኔ ደግሞ ፈርሜ፣ ለቤተሰብ ምሳ ጋብዤ መገላገል። ድግስ ሲባል ገና ወጪውን መደመር እጀምራለሁ። ስለዚህ ሰበቤን አጥንቻለሁ፦ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ ሰው አላውቅም፣ ማንን ልጥራ? ምሳውንም ብቻዬን ሠርቼ ብቸኝነቴን በዓይናቸው እንዲያዩልኝ አስቤያለሁ።

ጣሂኒ የሚሉትን፣ ተፈጭቶ የላመውን ሰሊጥ ሳህን ላይ ገልብጬ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ይቀጥናል ስል ጠጠረ። ከሲሚንቶ በቀር ውሃ ሲነካው የሚጠጥር ነገር አይተው ያውቃሉ? ተናድጄ አንድ ጣሳ ውሃ ደፋሁበት፤ ቀጠነ፣ ጭራሽ ውሃ ሆነ። ሌላ ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ወፈረ። ውሃ ጨመርኩ፤ ቀጠነ። ሳህኑ ሲሞላ ወደ ድስት፣ ድስቱ ሲሞላ ወደ ሳፋ (አዲስ ሳፋ ነው፣ አይጨነቁ)። በመስኮት አያለሁ፣ ስልኬን አያለሁ፣ ሳፋውን አያለሁ። የአዳማ ሙቀት አለ፣ ላቤ ይንቆረቆራል። ይሄኔ ለሊሴ ደውላ፣ አባባ ባጃጅ ይዘዋል፣ ደርሰዋል አለችኝ።

እህል መድፋት ነውር ነው። ሮጬ አከራዬን እትዬ አስካለን፣ እባክዎ ትንሽ ይቀንሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ሳፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ግቢው ዞረው ተከራዩን ሁሉ ተጣሩ። ሰው እንጀራውንና ቃሪያውን ይዞ ቤቴን ሞላው። ልከልክል? በምን አፌ!

የለሊሴ አባት “አካም ጅርቱ” ብለው ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለላቸው። ከመሃል አስቀመጧቸው፤ ፍትፍቱንም ወደዱት። በልተው ሲጨርሱ፣ ሰበቤን ልጀምር አፌን ብከፍት እትዬ አስካለ እጅ የሚያህል ጉርሻ ከተቱብኝ። አማቼ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና እንዲህ አሉ፦

“ልጄ፣ በአዘቦት ረቡዕ፣ ያውም ለጾም ምሳ ይህን ሁሉ ሰው ከጠራህ፣ እኔ ያሰብኩት አንድ ድንኳን አይበቃንም። ሁለት ይሁን።”

ጎረቤቱ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔ አፌ በሰሊጥ ተሞልቷል፤ ዝምታዬ እንደ እሺታ ተቆጠረ።