ጭንቅላተ ትልልቆቹ በእማዬ ቡፌ ላይ

ሳቁብኝ፣ ፈቅጃለሁ! ብቻ ሳቃችሁን ትንሽ ያዝ አድርጉትና መጀመሪያ የዛሬውን ጉዴን ስሙ።

ፊቴ እስካሁን ይግላል።

የቆያችሁ ተከታዮቼ ታውቁኛላችሁ፣ ፊገር እሰበስባለሁ። ለአዲሶቹ፦ ፊገር ማለት የጀግና፣ የተጫዋች፣ የተረት ሰው ትንሽ ሐውልት በሉት። የኔዎቹ ቀጠን ያሉ ናቸው። የልብሳቸው እጥፋት፣ የእጃቸው ጅማት፣ ጥፍራቸው ሳይቀር በልኩ የተሠራ። አርት ነው በቃ!

ሌላ ዘር ደግሞ አለ። ጭንቅላተ ትልልቆቹ! ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠሩ፣ ጭንቅላታቸው ከተቀረው ገላቸው የሚበልጥ፣ ዓይናቸው ሁለት ጥቁር ቁልፍ፣ አፍ የሚባል ነገር የሌላቸው።

እነሱን ስጠላ!

ማለቴ፣ እጠላለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት።

የኮልፌ ሰብሳቢዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። በዚህ ጉዳይ ያልተኳረፈ የለም። ግማሹ "ሁሉም አንድ ፊት ነው ያላቸው፣ ፀጉሩን ብትቀይርለት ሐኪሙ ዘፋኝ ይሆናል" ይላል። ግማሹ "ኧረ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ፊገር ሁሉ ኮስታራ ይሁን ያለው ማነው?" ይላል። ሁለቱንም ዓይነት ሰብስቦ ዝም የሚል አንድ ሰው አለን። ብልህ!

የተቃዋሚዎቹ መሪ ማን ነበረች? እኔ! "ይሄ ፊገር ሳይሆን የጨው ዕቃ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። ማሾፊያ ስቲከር ሁሉ ሠርቼላቸዋለሁ።

የደጋፊዎቹ መሪ ዳግም ይባላል። የሳንሱሲ ልጅ ነው፣ ሥራው እንጨት ሥራ። ስብስቡ በሙሉ ጭንቅላተ ትልቅ ነው፤ ሌላ ዓይነት የለውም፣ አይፈልግምም።

የፊታችን ቅዳሜ ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽናችንን እናደርጋለን። ቦታው ጠባብ ነው። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? "ጭንቅላተ ትልልቆቹ አይግቡ፣ ድምፅ ይሰጥበት!"

ሐሳቤ ካለፈ ዳግም የሚያሳየው አንድም ነገር የለውም። አውቃለሁ። ለኤግዚቢሽኑ ብሎ በእጁ የሠራውን ደረጃ ደረጃ ያለው መደርደሪያ ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጥፎታል፤ ጠርዙ ሁሉ በአሸዋ ወረቀት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ሳየው ሆዴ ትንሽ ባባ። ግን መርህ መርህ ነው አልኩ።

መርህ! ስጽፈው ራሱ አፈርኩ።

ድምፁ የሚሰጠው ዛሬ ነበር። የት? ዘነበወርቅ፣ እኔ ቤት! "ኑና ትክክለኛ ስብስብ ምን እንደሚመስል እዩ፣ ከዚያ ትወስናላችሁ" ብዬ ራሴው ጠራኋቸው። ጉራ ስትነሳ ልክ የላትም።

አሁን ወደ ኑዛዜው።

አልጋዬ ስር ሻንጣ አለ። ሻንጣው ውስጥ...

አዎ። ገምታችኋል።

የመጀመሪያዋን የገዛሁት ለጥናት ነው! እውነቴን ነው! በደንብ ለመስደብ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ። ወጥ ቤት ሠራተኛዋን ነበር፣ ነጭ ቆብ ያደረገችውን። ሳጥኗን ከፍቼ ሳወጣት ብቻዋን አሳዘነችኝ። ጓደኛ ገዛሁላት። ቀጥሎ በረኛው መጣ። ቀጥሎ ጠፈርተኛው። ሻንጣ ደግሞ ታውቁት የለ፣ ሲጫኑት ይይዛል።

ጠዋት እማዬን "እንግዶች ስብስቤን ሊያዩ ይመጣሉ" አልኳትና ወደ ታክሲ ፌርማታው ወረድኩ። የኛን ሰፈር ቤት በስልክ ማስረዳት አይሞከርም፤ እንግዳ ከፌርማታ ነው የሚመጣው። አንዱ ደረስኩ ሲል፣ ሌላው መንገድ ተዘጋጋ ሲል፣ እዚያው ቆምኩ።

እናቴን አታውቋትም። እንግዳ ይመጣል ካሏት ቤቱን ገልብጣ ነው የምትጠብቀው። ግድግዳ ትወለውላለች። መጋረጃ ትቀይራለች። አልጋ ስር ትጠርጋለች።

አልጋ ስር!!!

ሁሉም ተሰብስበው ደረስን። በሩን ከፍቼ፣ ፊቴን ወደነሱ አዙሬ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!" እላለሁ። እነሱ ከኔ ጀርባ የሆነ ነገር እያዩ አፋቸውን ከፍተዋል።

ዞርኩ።

ቡፌው! የእማዬ የክት ብርጭቆዎች ቦታቸውን ለቀዋል። በምትካቸው ጭንቅላተ ትልልቆቼ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ስር ዳንቴል! ወጥ ቤት ሠራተኛዋ መሃል ላይ፣ እንደ ሙሽራ።

እማዬን ጎተት አድርጌ "የኔዎቹስ?" አልኳት በሹክሹክታ። ቀጫጭኖቹን ማለቴ ነው።

"እነዚያን ጓዳ አስገብቼ አንሶላ አለበስኳቸው። ከሲታዎች! በሽተኛ ነው የሚመስሉት፤ እንግዳ ፊት እንዴት ይቀርባሉ?"

ዳግም ቡፌው ፊት ቆሟል። ሳቁን ውጦ "እነዚህ ደግሞ የማን ናቸው?" አለ።

አፌ ቀደመኝ። "የእማዬ ናቸው!"

እማዬ አየችኝ። ያቺን አስተያየት ታውቋታላችሁ፤ እንግዳው ይሂድና እንተያያለን የምትለዋን። ግን እናት እናት ናት፣ አልጣለችኝም።

"አዎ፣ የኔ ናቸው" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። "ምነው፣ ለትልቅ ሰው ክልክል ነው?"

"ኧረ ማዘር፣ ምን ክልክል አለው!" አለ ዳግም። "ግን ምናቸውን ወደዱት?"

"የኔ ጌታ፣ ሰው ቤትህ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደል? እግሩን ማን ያያል? ደግሞ ይሄን ተመልከተው፣ ቁርጥ የእድራችንን ዳኛ!"

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ለወራት በግሩፑ ስንነታረክበት የኖርነውን ነገር እናቴ ቆማ ጨረሰችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ተርፌያለሁ! ድምፅ እንሰጣለን፣ ሐሳቤ ያልፋል፣ ሻንጣዬም ወደ ቦታው ይመለሳል እያልኩ ነበር።

ያን ጊዜ ዳግም ጠፈርተኛውን አነሳው።

በጭንቅላቱ ይዞ።

"በጭንቅላቱ አይያዝም!!!"

ይሄ ጩኸት የኔ ነው። ደግሞ እዚያ ላይ ባቆምኩ! "ከወገቡ ያዘው! አንገቱ ይላላል! ጠፈርተኛው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ራስ ቁሩ ስለሚከብደው ወደፊት ይደፋል፣ ለዚህ አይደል ሁሌ ካርቶን የማስደግፈው!"

የማስደግፈው! እኔ!

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት እንደኔ ያለች ገጥማቸው መሆን አለበት።

ዳግም ጠፈርተኛውን ቀስ ብሎ ከወገቡ ያዘና ዳንቴሉ ላይ መለሰው።

"አውቃለሁ" አለኝ። "እኔም የምይዛቸው በወገባቸው ነው።"

አውቆ ነው ያደረገው፣ ወገኖች! አውቆ!

እማዬም መሸፋፈኑ የሰለቻት መሰለኝ። "ኤጭ! የሷ ናቸው እንጂ! በሯን ዘግታ፣ የማላውቅ እየመሰላት፣ በልጅ ጥርስ ብሩሽ ስትወለውላቸው ነው የምትውለው። ስም ሁሉ አውጥታላቸዋለች!"

የስሙን ነገር አትጠይቁኝ። አልናገርም።

የሳቁትን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። አንዷ ሶፋው ላይ ተደፍታ እንባዋን ጠረገች። የሠራሁትን ስቲከር በሙሉ መልሰው ለኔው ላኩልኝ፣ እዚያው ተቀምጬ ስልኬ ይንጫጫል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እግሬን ታጥቤ ነበር የምገባው።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ጭንቅላተ ትልልቆቹ ይግቡ ብሎ እጁን ያላወጣ የለም። የመጨረሻዋ እጅ የኔ ነበረች። እውነት ለመናገር ስትወጣ አልከበደችኝም። ዳግም እጄን አይቶ ፈገግ ሲል ደግሞ ይበልጥ ቀለለኝ፤ ያ ሁሉ የለሰለሰ እንጨት በኔ ሰበብ ሜዳ ላይ ሊቀር ነበር ለካ።

የባሰው ገና ነው። የኤግዚቢሽኑን ምርጥ ስብስብ የሚመርጠው ዳኛ እኔ እንድሆን ታስቦ ነበር። ማንን መረጡ? እማዬን! በአንድ ድምፅ! "ማዘር ዓይን አላቸው" ተባለ። ይሄን ስጽፍ እሷ ቁም ሳጥኗን ከፍታ ቅዳሜ የምትለብሰውን እየመረጠች ነው። ለኔ ያላት አንድ ምክር ብቻ ነው፦ "ከሲታዎቹን ባታመጫቸው ጥሩ ነው፣ አድልዎ አላውቅም።"

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለዳግም በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። "መደርደሪያህ ላይ ለኔ ጭንቅላተ ትልልቆችም ትንሽ ቦታ ትኖራለች?"

ወዲያው መለሰልኝ። "በደስታ! ግን ስንት ናቸው? ደረጃ የሚጨመር ከሆነ አሁኑኑ እንጨት ልቁረጥ።"

ይኸው መልስ ሳልሰጠው ቁጭ ብያለሁ።

እማዬ ያገኘችው የአልጋ ስሩን ሻንጣ ብቻ ነዋ! የኔ ቁም ሳጥን አናት ላይ ያሉትን ገና አላየቻቸውም።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፣ ልጁ ስንት እንጨት ይቁረጥ?