የጓድ ወንድሙ ጣቶች

ችኩል ሰው የሌለበት ወረዳ ተፈልጎ አይገኝም። ለእኛ የደረሱን ክቡር ጸሐፊ ጓድ ወንድሙ ነበሩ። «ክቡር» የሚለውን አብዮቱ ቢሽረውም እኛ አልሻርነውም።

ወረዳችን ምክትል ወረዳ ሆኖ ተወልዶ በእሳቸው እጅ ነው ያደገው። የቢሮው ሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ፣ አናጢው መትቶ ሳይጨርስ መዝገቡን ሁሉ አስገብተው በዝናብ አስመቱት። ለውጥ መጣ ሲባል፣ ሬዲዮው ተናግሮ ሳያበቃ አሮጌውን ሰሌዳ አውርደው ሦስት ወር ያለ ስም አኖሩን። አውሮፕላን አውራጃችን ከተማ ጂንካ የሚያርፍ ዕለት፣ ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ከብቱን ከሜዳው የሚያባርሩት እሳቸው ናቸው። ስብሰባ ላይ ሰው ከዘገየ «ይኼኔ እኮ ጨርሰን ነበር!» ይላሉ። «ለሰርጋችንም እኔ ሳልለብስ ነው የደረሱት» ትላለች ባለቤታቸው የሺሀረግ።

በ1980 ዓ.ም. ወረዳው ታጥፎ ከጎረቤቱ እንዲቀላቀል፣ ማኅተሙም በአሥረኛው ቀን ጂንካ እንዲገባ ታዘዘ። ጓድ ወንድሙ እንቅልፍ አጡ። የደጋ ገበሬዎችና የቆላ ከብት አርቢዎች በአንድ ምንጭ ሰባት ዓመት ተጣልተው፣ ሰው ሞቶበት፣ ገና መታረቃቸው ነበር። ስምምነቱ ሳይታተም ማኅተሙ ከሄደ፣ ነገሩ በማያውቃቸው ቢሮ እንደ አዲስ ሊጀመር ነው።

የመታተሚያውን ቀን የሚቆርጡት ደግሞ የቆላ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለየሰው የሚልኩትም የተቋጠረ ገመድ ነው። በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ። ትእዛዙ በመጣ ዕለት ገመዱ ደረሰ፤ ጓድ ወንድሙ ቢቆጥሩት አሥራ ሁለት! «ሁለት ቀን ያልፍብናል፣ አስቀድሙ በሏቸው!» ብለው ሰው ላኩ። ሽማግሌው አንጁሎ ሳቁና «ገመዱን ብቻ ይፍታ» ብለው መለሱ።

በየማለዳው እዚያው ኪሳቸው ውስጥ አንድ ይፈታሉ እንጂ ገመዱ ከኪሳቸው አልወጣም። እጃቸው ግን መች ያርፋል? ሲጨነቁ ይነካኩታል፣ ሲከራከሩ ይነካኩታል። በዘጠነኛው ማለዳ ቢያወጡት አንድም ቋጠሮ አልቀረበትም። «ጉድ ሆንኩ! ቀኑን አበላሸሁት!» አሉ። ገመዱ ካለቀ ግን መውጣት ግድ ነውና፣ ሰው ከጠፋ ቤት ለቤት ለቅመው ሊሰበስቡ ወረቀቱንና ማኅተሙን ይዘው ወደ ምንጩ ሮጡ።

ከዛፉ ሥር ደገኛውም ቆለኛውም ተሰብስቦ ተቀምጧል።

«ሦስት ቀን ይቀረው የለ እንዴ?» አሉ እያለከለኩ።

«ዛሬ ነው» አሉ አንጁሎ። «ለሰው ሁሉ ዘጠኝ ቋጠርን። ላንተ አሥራ ሁለት። ጣትህን እናውቃለን።»

ጓድ ወንድሙ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሱ። ከዚያም ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው፣ የሁሉንም የጣት አሻራ ጠብቀው፣ መጨረሻ ላይ ማኅተሙን መቱ።

በማግስቱ ጂንካ የሚጠበቁት ከቀትር በፊት ነበር። እኛም አጅበናቸው ስንሄድ አንዳችንም «ቶሎ በሉ» አላልናቸውም። ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል።

«ዘገዩ እኮ፣ ጓድ» አላቸው ተረካቢው።

«አዎ» አሉ። ማኅተሙን የጨበጠው እጃቸው ግን ገና ከኪሳቸው አልወጣም ነበር።